ከመቼ ጀምሮ ነው የሚኖሩት?

ግንቦት 5

በርበሬ ስቀነጥስ ዋልኩ። በልጄ በከድጄ ሱቅ ደጃፍ፣ ጆንያ ላይ ተቀምጬ። ዓይኔ አለቀሰ። «አባ፣ በእጅህ ዓይንህን አትንካ» ትለኛለች። በርበሬ ሸጬ ያሳደግኳት ልጅ በርበሬ ታስተምረኛለች!

ይህን የምትጽፈው እሷው ናት። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። አላፍርበትም። እናቷ ከሞተች ወዲህ ግን የትናንቱ ከአምናው ይቀላቀልብኛል። ስለዚህ እራት ሲነሳ እናገራለሁ፣ እሷ ትጽፋለች። ለሰው አይነበብም። ለእኔ ነው። የማትወደውን ብናገርም እንዳለ ልትጽፍ ተስማምተናል።

ከማሉ መጣ። የሟች ወንድሜ ልጅ፣ አገር ቤት ወፍጮ ያለው። ለቀበሌ ምክር ቤት ይወዳደራል። ሙዝ ይዞ መጣ። ከማሉ ሙዝ ከያዘ ጉዳይ አለው።

«አጎቴ፣ የመራጮች ምዝገባ ተጀምሯል። አንተ መጥተህ ካልተመዘገብክ የሰው መሳቂያ መሆኔ ነው።»

«እዚህ ቡታጅራ ይመዝገብ እንጂ። እግሩን ያመዋል» አለች ከድጄ።

«የአጎቴ የሸረፋ ድምፅ በኪራይ ቤት ይሰጣል?» አላት።

ደስ አለኝ። እውነቱን ነው። እንሰቴ እዚያ። የአባቴ መቃብር እዚያ። ቡታጅራ ምን አለኝ? አልጋ።

ከድጄ እስክሪብቶውን አቆመች። «አልጋ ብቻ?»

ጻፊ አልኳት።

ግንቦት 8

ወደ አገር ቤት። በባጃጅ እስከ መገንጠያው፣ ከዚያ በእግር። ጉልበቴ ተሳደበ። ደረስኩ።

ምዝገባው ትምህርት ቤቱ ውስጥ ነው። መዝጋቢዋ ረድኤት ትባላለች፣ የወልቂጤ ልጅ። ሥርዓት አላት። ተነስታ ወንበሯን ሰጠችኝ። የድሮውን መታወቂያዬን አወጣሁ፤ ጠርዙ አልቋል፣ ፎቶዬ ግን አለ። ያኔ ጥርስ ነበረኝ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው እዚህ የሚኖሩት፣ አባባ?»

«ከተወለድኩ ጀምሮ።»

ፈገግ አለች። ጻፈች። ምኑ ፈገግ ያሰኛል? አውራ ጣቴን ቀለም አስነክታ መዝገቡ ላይ አስጫነችኝ። ካርድ ሰጠችኝ። ስምዎት እዚህ ላይ ነው ብላ በጣቷ አሳየችኝ። ሸረፋ... እንዲህ ነው የሚመስለው? አጭር ነው።

በድሮው ምርጫ አንድ ሰው አጠገቤ ቆሞ «እዚህ ጋ፣ ጋሼ» እያለ ጣቴን ይዞ ያስመርጠኝ ነበር። ማንን እንደመረጥኩ እስከ ዛሬ አላውቅም። ዘንድሮ ማንም ጣቴን አይዝም። እያንዳንዱ ዕጩ ሥዕል አለው። ለከማሉ ቁልፍ፣ ለሌላዋ ዕጩ ለሰልሚያ መሰላል። ቁልፍና መሰላል ለመለየት ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልግም።

ስወጣ ጀፎረው ላይ፣ ከመንደሩ መሐል ያለው የጋራ ሜዳችን ላይ፣ ችካል ተተክሎ አየሁ። ጫፉ ቀይ ቀለም የተቀባ። ከዝግባው ዛፍ እስከ መስጊዱ ድረስ ተደርድሯል። አንዱ አደናቀፈኝ። ዕድሜ ልኬን ዓይኔን ጨፍኜ የምሄድበት ሣር ላይ!

«ልማት ነው አጎቴ» አለ ከማሉ።

«የማን ልማት?»

«የሁላችንም።»

የሁላችንም የሚል ሰው... እንጃ። ካርዴን ኪሴ ውስጥ እየዳበስኩ ተመለስኩ።

ግንቦት 19

አረፋ። አልሐምዱሊላህ። እኔና ከድጄ ከትናንት ጀምሮ አገር ቤት ነን። ትናንት የሴቶቹ አረፋ ነበር፤ ቡላው በቅቤና በአይብ ተሠርቶ እስኪሰለቸን በላን። ዛሬ የእኛ። በሬ ጣልን። ለንግድ አዲስ አበባ የቀሩት የመርካቶ ልጆቻችን ሁሉ ገብተዋል። መንደሩ መኪና መኪና ሸተተ።

አንዱ ጎረምሳ «ፋዘር፣ ፒስ ነው?» አለኝ።

«ፋዘርህ እዚያ ቆዳ ይገፋል፣ ሄደህ አግዘው» አልኩት። ሰዉ ሳቀ። እሱም ሳቀ። ጥሩ ልጅ ነው።

የሚስቴ ጎጆ ክዳኑ ዘምሟል። ክረምቱን ይችል ይሆን?

ግንቦት 20

ከማሉ ጠዋት ሽማግሌዎችን ሰበሰበ። እኔን፣ አብሮ አደጌን ሀቢቡን፣ ሌሎችንም። የመርካቶ ልጆች የመንደሩ መታወቂያ የላቸውምና ምስክር ቁሙላቸው አለን። ቆምን።

ረድኤት ሰልፉ በዝቶባት ነበር። ላብ በላብ። «ያውቋቸዋል?» አለችኝ።

«ማወቅ? ይኼ የእገሌ ልጅ፣ የእገሌ የልጅ ልጅ...» እያልኩ የእያንዳንዳቸውን አባት እስከ ሰባት ቤት ቆጠርኩላት። አንዱን ስምንት አደረስኩት። ሰዉ አጨበጨበ። ልጆቹ ራሳቸው አያታቸውን ከእኔ ሰሙ።

«የመንደሩ ልጆች ናቸው?»

«ካልሆኑማ እኔም አይደለሁም።»

ጣቴን ጫንኩ። ኩራት ተሰማኝ። ከማሉ ትከሻዬን ሳመኝ። ልጆቹ ካርዳቸውን ይዘው ከሰዓት በኋላ መኪናቸውን አስነስተው ሄዱ። አቧራው እስከ መግሪብ አልረጋም።

ግንቦት 24

ቡታጅራ፣ ሱቅ ደጃፍ። ሰልሚያ ቅቤዋን በኮባ ጠቅልላ ገበያ ወጥታ ነበር። የሟች ጓደኛዬ ሚስት ናት። ከማሉን የምትገጥመው እሷ ናት። ምላሷ ለራሱ አንድ ሰው ነው።

«አሰላሙ አለይኩም፣ የመንደሩ ሻጭ።»

«ወአለይኩም ሰላም። ምን ሸጥኩ?»

«ጀፎረውን። በአውራ ጣትህ።»

መጀመሪያ ለምርጫዋ የምትቀባጥር መሰለኝ። ከዚያ ተቀምጣ ነገረችኝ። ያ ሁሉ ችካል የሱቅ ቦታ ነው። ለመርካቶ ልጆች ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ቦታ ተስፋ ተሰጥቷቸዋል። ከማሉ ከተመረጠ ምክር ቤቱን አስወስኖ ሊያከፋፍላቸው ነው። ለዚያ ድምፃቸው ያስፈልገዋል።

«ልጆቻችን አይደሉም እንዴ? መምረጥ መብታቸው ነው።»

«ይምረጡ፣ በሚኖሩበት! ሕጉ የሚለው በቦታው ስድስት ወር የኖረ ነው። እነሱ ምን አደሩ? ክትፎ በልተው፣ እጃቸውን ታጥበው ሄዱ።»

«አንቺ ላሞችሽ ግጦሽ እንዳያጡ ነው።»

«አዎ ላሞቼ! አፌን ሞልቼ እላለሁ። ያንተስ ሚስት ሬሳ በምን በኩል ወጣ? ሙሽራ ሆና በምን በኩል ገባች?»

ወደ በርበሬዬ አጎነበስኩ። ቅቤዋን አንስታ ሄደች። የሚገዛ ሰው ቆሞ ነበር፤ ለሱም አልሸጠችለትም።

ግንቦት 25

ዛሬ ማንንም አላናገርኩም። ምንም የለም፣ አትጻፊ አልኳት። እሱንም ጻፈች።

ግንቦት 27

ብቻዬን ሄድኩ። ለከድጄ ሐኪም ቤት ነው ያልኳት። አሁን ስትጽፍ ሰማች።

የመራጮች መዝገብ ለሕዝብ ተከፍቷል። የተሳሳተ ስም ያየ መራጭ አቤት ማለት ይችላል። አቤት አልኩ።

ረድኤት ግራ ገባት። «የመሰከሩት እርስዎ ነዎት እኮ፣ አባባ።»

«ልጆቻችን ናቸው ብዬ ነው የመሰከርኩት። አሁንም ልጆቻችን ናቸው። የሚያድሩት ግን መርካቶ ነው። ያንን አልጠየቅሽኝም።»

ፊቷ ቀላ። «ልክ ነዎት። መጠየቅ ነበረብኝ።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እርስዎስ የት ነው የሚያድሩት?»

ወላሂ፣ እንዲህ ያለ ጥያቄ በጥፊ የመታኝ ያህል ነበር። ቤቴ እዚህ ነው አልኩ። እንሰቴን አሳየኋት፤ ከመስኮቱ ይታያል። እሷ ግን ዓይኗን ከእኔ አላነሳችም።

«ያለፉትን ስድስት ወራት የት ነበሩ?»

«...ልጄ ጋ። ቡታጅራ።»

«አባባ፣ ሕጉ አንድ ነው። እነሱን ካነሳ እርስዎንም ያነሳል። ቡታጅራ ደግሞ ምዝገባው ተዘግቷል። ዘንድሮ የትም አይመርጡም ማለት ነው።»

ተቀመጥኩ። ውሃ አመጣችልኝ። «ያ ባዶ ሜዳ ለመሆኑ ይህን ያህል ያጣላል?» አለችኝ። ልጅ ናት፣ የከተማ።

«ባዶ? ጀፎረ ባዶ አይደለም። ቤቶቻችን ሁሉ በግራና በቀኝ ፊታቸውን ወደ እሱ ያዞሩት ለምን ይመስልሻል? ሰርጉ እዚያ ነው። ለቅሶው እዚያ ነው። የተጣላ የሚታረቀው እዚያ ሣር ላይ ተቀምጦ ነው። አያቶቻችን አላጠሩትም። ለማንም ስላልሰጡት ነው የሁሉም የሆነው።»

«ነገ ኮሚቴው ይሰማል። ዛሬ ያስቡበት» አለች።

እዚህ ስደርስ ከድጄ እስክሪብቶውን ጣለች። «አባ፣ ተወው! ካርድህን ይዘህ ዝም በል። ድምፅህን ለሰልሚያ ሰጥተህ ጨርስ።»

ጥሩ ምክር ነው። ብልህ ሰው የሚያደርገው። ግን አንድ ድምፅ በጉያዬ ደብቄ፣ ያን ሁሉ ድምፅ በጣቴ አስገብቼ? ደግሞስ ሸረፋ ከመዝገብ ተፋቀ ሲባል... ማን ነው ከአባቱ መንደር የሚፋቅ? ሙት እንኳ አይፋቅም።

እስክሪብቶውን አንሺ አልኳት። አነሳች።

ግንቦት 28

ክፍሉ ሞልቶ ሰው በመስኮት ያያል። ኮሚቴው ከጥቁር ሰሌዳው ሥር። ከማሉ ኮት ለብሷል፣ በዚያ ሙቀት።

ተናገርኩ። የመርካቶ ልጆች እዚህ አይኖሩም፣ ስማቸው ይውጣ አልኩ። ጉምጉምታ ሆነ።

ከማሉ ተነሳ። «የተከበራችሁ፣ አጎቴን እንደ አባቴ ነው የማየው። ግን አርጅቷል። ነገር ይጠፋበታል። ትናንት ያለውን ዛሬ አያውቀውም።»

ይኼ ነው ያመመኝ። ከሁሉ ይኼ። ሙዝ ያበላኝ ልጅ።

«የሚጠፋብኝማ ይጠፋብኛል» አልኩ። «ለዚህ ነው የማስጽፈው። ሙዝ ይዘህ የመጣህበትን ቀን ሳይቀር ተጽፏል።» ሰዉ ሳቀ። ከማሉ አልሳቀም።

«እሺ አጎቴ፣ አንተስ? ለጤና መድን ብለህ ቡታጅራ በከድጄ ቤተሰብ ተመዝግበህ የለም? ያንተ ቤት የት ነው? ለእነሱ መርካቶ ካልከው፣ ላንተ ምን ልንለው ነው?»

ሰዉ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። በመስኮት የሚያዩት ሳይቀሩ። ከማሉ አሸነፍኩት ብሎ ነው። ያፍራል፣ ይቀመጣል ብሎ። ያውቀኛል፤ ስሜን እንደምወድ ያውቃል።

ካርዴን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩ።

«የማድረው ቡታጅራ ነው። ከሚስቴ ሞት ወዲህ። መጀመሪያ የእኔን ስም ሰርዙ። ከእኔ ጀምራችሁ ወደ ታች ውረዱ።»

ረድኤት ካርዱን አላነሳችም። «አንሺው» አልኳት። አነሳችው።

ያኔ ሀቢቡ ከኋላ ጮኸ። «እኔም እንደ ሸረፋ ነው የመሰከርኩት፤ አባታቸውን ነው የማውቀው እንጂ አዳራቸውን አላውቅም! የእኔን ስም ግን አትንኩ። አንድ ቀን ሌላ ቦታ ባድር ኖሮ ሚስቴ ራሷ ትሰርዘኝ ነበር።»

ኮሚቴው ሳይቀር ሳቀ። ወሰኑ። እኔ ከመዝገቡ ወጣሁ፣ የመርካቶ ልጆችም ወጡ።

ወደ ቤት ስመለስ ኪሴን ዳበስኩ። ልማድ ሆኖብኝ። ባዶ ነው።

ሰኔ 4

የከማሉ ወፍጮ ለከድጄ በርበሬ «ተበላሽቷል» ተባለ። ስትመለስ ሲፈጭ እየሰማች ነው የተመለሰችው። ኩንታሉን አስጭና ሌላ ቦታ ወሰደች።

«ያንተ ኩራት በእኔ ጀርባ ነው የሚጫነው» አለችኝ።

ጻፊው አልኳት። ጻፈችው። አንብቢልኝ አልኳት። አነበበች። እውነት ነው። ምን ልበላት? ነገ በርበሬውን እኔ እነፋለሁ አልኩ። «ዓይንህን» አለች። ዓይኔ ይቃጠል።

ያ ጎረምሳም ከመርካቶ ደወለ። «ፋዘር፣ ምን በደልንህ? ሰባት ቤት ቆጥረህልን?»

«ዛሬም እቆጥርልሃለሁ። መንደሩን ከፈለግክ ና፣ ኑርበት። ያኔ ከፊትህ ቆሜ እመሰክራለሁ።»

ዘጋው። ከዚያ መልሶ ደወለ። «ስምንተኛው አያቴ ማን ነበር ያልከው?» ነገርኩት።

ሰኔ 14

የምርጫ ቀን። ከድጄ ጠዋት በቡታጅራ ካርዷ መረጠች፤ እኔ ምንም ሳይኖረኝ አገር ቤት ሄድኩ። ዝናብ ጥሎ ነበር፤ ሣሩ ያንሸራትታል።

የትምህርት ቤቱ በር ላይ ያለው ጠባቂ ካርድዎን ያሳዩ አለኝ። የለኝም አልኩ። አይገቡም አለኝ። ልክ ነው አልኩት። ደነገጠ መሰለኝ፣ ይጣላኛል ብሎ ነበር። ራቅ ብዬ ዝግባው ሥር ተቀመጥኩ። ጀፎረው ላይ ለመቀመጥ ካርድ አያስፈልግም።

ሰው እየመረጠ በፊቴ አለፈ። ጣታቸው ቀለም። ሀቢቡ ጣቱን አፍንጫዬ ድረስ አመጣ።

«ሸረፋ፣ እርጥብ ነው፣ ላካፍልህ?»

«አንተ የነካኸውን ቀለም? ሳይታጠብ አልነካውም።»

አጠገቤ ተቀመጠ። ሲመሽ ብቻ ተነሳ። ማንን እንደመረጠ አልነገረኝም። አልጠየቅኩትም።

ከማሉ መንገድ ላይ ቆሞ አንዲት አሮጊት «እማማ፣ ቁልፉን አገኙት አይደል?» ሲላት ሰማሁ። ከተቀመጥኩበት ጮኽኩ።

«አትመልሺለት! ሚስጥር ነው!»

«እኔስ መች ልመልስለት» አለች አሮጊቷ። «የራሱን ቁልፍ ራሱ ይፈልግ።»

ግን ልናገር... ሰው ሁሉ ከዚያ ክፍል ሲወጣ ፊቱ ላይ አንድ ነገር አለ። ከመጋረጃው ኋላ ብቻውን ቆሞ የወጣ ሰው ፊት። ቀናሁ። ማንም ጣቴን ሳይዝ... አንድ ጊዜ። ዕድሜዬ ቢፈቅድ።

ሰኔ 15

ሰልሚያ ደወለች። ውጤቱ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ተለጥፏል።

«ተመረጥኩ።»

«በስንት?»

«በጥቂት ነው። ከተሰረዙት ስሞች ቁጥር በሚያንስ።»

ከዚያ «ስምህን የበላሁት እኔ ነኝ» አለችኝ።

«ማንም አልበላውም። ራሴ ነኝ የሰጠሁት። አንቺም ብትሆኚ ጀፎረውን ብትነኪ እመጣብሻለሁ።»

«ና» አለች።

አልሐምዱሊላህ። ዓይኔ አለቀሰ። የበርበሬው ነው። ከድጄ፣ የበርበሬው ነው ብለሽ ጻፊ።

ሐምሌ 2

አገር ቤት ልኖር ልሄድ ነው። የሚስቴን ጎጆ ክዳን ሀቢቡና ልጆቹ ጠገኑት።

«እግርህስ?» አለች ከድጄ። «መድኃኒትህስ? ለአንድ ካርድ ብለህ?»

«ለአንድ ካርድ ብዬ።»

ተኳረፍን። ከዚያ የግንቦቱን አንብቢልኝ አልኳት። አነበበች። ቡታጅራ ምን አለኝ? አልጋ... ይላል። ሰርዢው አልኳት።

«አንተ ነህ እንዳለ ይጻፍ ያልከው። አይሰረዝም።»

«እንግዲያው ጨምሪበት።»

«ምን ልጨምር?»

ልጅ። ልጅ ብለሽ ጨምሪ።

ጨመረች። ከዚያ መድኃኒቴን በፌስታል አድርጋ የየቀኑን ለየብቻ ቋጠረችው።

ሐምሌ 19

ይህን በስልክ ድምፅ ቀድቼ ነው የምልከው። ከድጄ እዚያ ሆና ትጽፋለች። ከድጄ፣ ትሰሚኛለሽ? ዝናቡ ነው የሚጮኸው።

አዲሱ ምክር ቤት ተሰብስቦ ነበር። ስብሰባው ለሰው ሁሉ ክፍት ነው፤ ፊት ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ሰልሚያ ከማንም ቀድማ ስለ ጀፎረው ተናገረች። ችካሉ ይነቀል ተባለ። ከማሉ ራሱ መጥቶ ነቀለ፣ ከሰው ጋር። አንዱን ለእኔ ስጠኝ አልኩት። ሳያየኝ ሰጠኝ። እጁ ላይ ጭቃ ነበር። «ወፍጮህ ተጠገነ?» አልኩት። «ተጠግኗል» አለ። በዚያው ተለያየን። ሙዝ ይዞ እስኪመጣ እጠብቃለሁ።

ችካሉን ቀለሙን ፍቄ ለበጌ ማሰሪያ አደረግኩት። ጀፎረው ላይ ትግጣለች።

ዛሬ ቀበሌ ሄድኩ፣ አዲስ መታወቂያ ላወጣ። ጸሐፊው ያውቀኛል፤ እናትና አባቱን በሽምግልና ያጋባኋቸው እኔ ነኝ። ብዕሩን አዘጋጀ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው እዚህ የሚኖሩት፣ ጋሽ ሸረፋ?»

«ከሐምሌ ሦስት ጀምሮ።»

ሳቀ። «ኧረ ይተዉ! ከተወለዱ ጀምሮ ብዬ ልጻፍልዎት።»

«ከሐምሌ ሦስት» አልኩት። «ዘንድሮ። እያየሁህ ጻፍ።»

ጻፈ። በሚመጣው ምርጫ ማን እንደሚሰርዘኝ አያለሁ።